ከጉልበት በታች የተጻፈ ቃል

ጋሼ ብሩሽ ቀድሞ ራሳቸው ጽፈውት የደበዘዘውን ማስታወቂያ አድሰው ከመሰላላቸው ሲወርዱ፣ በሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት የምትሠራው የእኅታቸው ልጅ በዚያ ስታልፍ አገኘቻቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱንም የክሊኒኩንም ስም በእጃቸው የጻፉ ሰው ናቸውና፣ ምስጋና ጠብቀው ቀና ብለው ቆሙ። በኳስ ውርርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ክንድ ክንድ በሚያክል ቀይ ፊደል «የመጀመሪያው ውርርድዎ በነጻ!» ይላል።

ልጅቱ ግን ጎንበስ አለች።

«አጎቴ፣ እዚህ ታች ደግሞ ጉንዳን ነው የሄደበት?»

«ማሳሰቢያው ነው። ነጻውን ለማግኘት አስቀድሞ አምስት ጊዜ በራስ ገንዘብ መወራረድ ግድ ነው ይላል። በነጭ ላይ በግራጫ፣ ከጉልበት በታች ይሁን አሉኝ፤ አደረግሁ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቀጭን ፊደል የሚጥል እጅ አለ?»

«እጅዎስ ይባረክ። ነገር ግን አምስት ጊዜ ተከፍሎበት የሚገኝ ነገር ነጻ ይባላል?»

«ማንበብ የቻለ ያንብብ! ጺም ላወጣ ሰው ሁሉ ሞግዚት ይቀጠርለት? ሞኝ ቢከስር ጥፋቱ የእኔ ቀለም ነው?»

«ጸጉር አስተካካዩም ሞኝ ነው?»

ጋሼ ብሩሽ ዞረው ወደ ማዶ አዩ። ጸጉር አስተካካዩ የሟች ወዳጃቸው ልጅ ነው፤ ሱቁም ከግድግዳው ትይዩ። ወንበሩንና ትልቁን መስታወት መሸጡን በሰሙ ጊዜ፣ «መጠጥ ይሆናል» ብለው ነበር ያለፉት።

«ወንበሩን የበላው ይህ ውርርድ ነው፤ ትናንት ቢሯችን መጥቶ ቃሉን ሰጠ» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹ለምን አመንክ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የጋሼ ብሩሽ እጅ ነዋ! ውኃ የገባበትን ወተት ንጹሕ ብዬ አልጽፍም ያሉ ሰው ነጻ ካሉ፣ ነጻ ነው› አለኝ።»

ሽማግሌው መሰላሉን ተደገፉ። ወተት ነጋዴውን ባባረሩባት ቀን ዕድሜ ልካቸውን ሲኮሩ ኖረዋል። ሰው መልካም ስሙን ራሱ አክፍቶ ብቻ አያጠፋውም፤ ለሌላው አውሶም ያጠፋዋል።

«ታዲያ ይዘጋ ነው የምትይው?»

«በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ይዘጋ አላልኩም። ደንብ እያረቀቅን ነው። ተከፍሎበት የሚገኝ ነገር ነጻ አይባል፤ ያሸነፈ ሰው ፎቶ ሲለጠፍ የተሸነፉት ብዛትም አብሮ ይጻፍ፤ ማሳሰቢያው በዋናው ፊደል ልክ፣ በዓይን ትይዩ ይሁን፤ ይህን የጣሰ ይቀጣ። የውርርድ ቤት ባለቤቶቹ ግን ይህን ሁሉ ለመጻፍ ግድግዳ አይበቃም እያሉ ይከራከሩናል።»

«ውሸታቸውን ነው! ግድግዳውን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ይበቃል፣ ይተርፋልም። መቼ ነው ስብሰባችሁ?»

በስብሰባው ቀን ጋሼ ብሩሽ ሜትራቸውን ዘርግተው አስረዱ፤ ያን ቀጭን ፊደል የጻፉትም እርሳቸው መሆናቸውን ሳይጠየቁ ተናገሩ። ደንቡ ጸደቀ። ዛሬ ከሥራ የሚመለስ ግንበኛ ደመወዙን በኪሱ ይዞ ከግድግዳው ፊት ቆሞ በትልቁ የተጻፈውን ያነብና፣ «አምስት ጊዜ ከፍዬ? አበስኩ ገበርኩ!» ብሎ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። መወራረድ የፈለገም የሚገባበትን አውቆ ይገባል።

የጸጉር አስተካካዩ ሱቅ ግን ተቆልፏል። እርሱ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ በሰው ወንበር ተቀጥሯል።

«ደስ አይልዎትም አጎቴ?» ብትላቸው ልጅቱ፣ «ደንቡ ደኅና ነው፤ የነገውን ሰው ያድናል» አሉ። የተቆለፈውን ሱቅ እያዩም፣ «የወዳጄን ልጅ ግን በዚሁ እጄ ጽፌ ሸኘሁት» አሉ።