ከብቱን ቆጥሮ የማይጨርስ አገር

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቱ ጃፓን ሄዳ ለመማር ነገ ትፈተናለች፤ አባት ግን እስካሁን ሂጂ አላሏትም።

«‹ኡሺ ያ ሂትሱጂ ጋ ኢማሱ›። ላምና በግ አለን ማለቴ ነው፣ አባዬ።»

«በቅሎዋስ? በጃፓን ፊት ድኻ ልታደርጊኝ ነው?»

«በ‹ያ› ካያያዝኳቸው ሌላም እንዳለን ይገባቸዋል፤ ሁሉን አልዘረዝርም።»

«ከብታቸውን ለሰው ቆጥረው አይጨርሱም በይኛ!»

«አዎ።»

«እነሱም የሰው ዓይን ይፈራሉ ለካ! እኔ ደግሞ ወግ ለማያውቅ አገር ልጄን አልሰጥም ብዬ ነበር።»

«እንግዲያ ልሂድ?»

«ሂጂ እንጂ! የጉና ሥር ልጅ ፈተና አትፈራም። ግን ከብታችሁ ስንት ነው ቢሉሽ ‹ተመስገን› ብለሽ እለፊ።»

እኔም አንዲት ዶሮዬንና አንድ ድመቴን በሆዴ በ«ያ» አያያዝኩና፣ ጉናን የሚያህል ሀብት ይዤ ደብረ ታቦር ገባሁ።