ማርሚታው ይቅር

ክቡራትና ክቡራን፣

ለንደን ውስጥ አስፋልት የሚያንቀጠቅጥ የስፖርት መኪና ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ሁሉም! አብሮኝ የሚሠራው ሔኖክ እዚህ ላይ እንደሚያስል አውቄ ወረቀቴ ላይ ቀድሜ ጽፌዋለሁ። እሺ፣ ሁሉም አይደለም። ከቴምዝ ወንዝ ወዲህ ያለው። እሺ፣ ከሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ እስከ ጋራዣችን በር ያለው። እሱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አራት ደቂቃ ያስኬዳል።

ይህን ግብዣ ያሰናዱልኝን የጋራዡን ባለቤት አቶ ሳህሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «የምሳ ሰዓት አልቋል» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ዛሬ «ብላ እንጂ፣ ምነው አፈርክ?» አሉኝ። ለካ ለመብላት ጡረታ መውጣት ነበረብኝ። ኬኩ ላይም ስሜን አስጽፈውልኛል። አንብቤዋለሁ፤ በራሴ። «ወንድይራድ» ይላል። አንድ ፊደል ቢሳሳቱ ኖሮ ዛሬ የማልፋቸው ሰው አልነበርኩም።

ከስንብት ሌላ አንድ ጉዳይ አለኝ። ሞተር የምናስተካክልበት ኮምፒውተር ፊት ያለው ወንበር ስምንት ወር ባዶ ነው። ሐሙስ ከውጭ ሰው ሊቀጠርበት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሥራ የተማረችው ማህሌት ደግሞ ስልክ ታነሳለች። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም የምታውቁ ይመስላችኋል። እኔ ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ። ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ራሴን ላመስግን፤ ሌላ የሚያመሰግነኝ ሰው ፕሮግራሙ ላይ አላየሁም።

ጆሮዬን ታውቁታላችሁ። ካምደን ላይ አውቶቡስ ፎቅ ተቀምጬ፣ ከታች የሚያልፈው መኪና ስንት ሲሊንደር እንዳለው፣ የትኛው ካንዴላ እንደደከመ እናገራለሁ። በያጃችን ጋሽ ገብረመድኅን ምስክሬ ናቸው፤ አብረውኝ ነበሩ። ተኝተው ነበር። ግን አብረውኝ ነበሩ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ከእኛ ደንበኛ የበለጠ ብልህ ሰው የት ይገኛል? መሐንዲሶች ስንት ዓመት ተጨንቀው መኪናው እንዳይጮኽ ያደርጉለታል። እሱ የመቀመጫው ፕላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ወደ እኛ ያመጣውና «ጋሼ፣ እንዲጮኽ አድርጉልኝ» ይላል። አምስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው። የሚነዳው ከሃያ ማይል በላይ በማይፈቀድበት መንገድ ነው፤ በየሃምሳ ሜትሩ ጉብታ አለ። አምስት መቶውን ፈረስ አንድ ፒዛ የጫነ ብስክሌት ይቀድመዋል። ያም ሆኖ «ጉልበት ይጨመርልኝ» ይላል። እኛም እንጨምርለታለን። ደግ ሰዎች ነን።

አንዱ የካምደን ልጅ «ቤንዚኑን ስለቀው እንደ ፈንዲሻ ጧ ጧ ይበልልኝ» ብሎ ለመነኝ። አደረግኩለት። በሳምንቱ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ቢልልኝ።»

«ምነው?»

«ጎረቤቶቼ አወቁኝ።»

ታዲያ የፈለግከው መታወቅ አልነበረም ወይ ልጄ?

እንግዶች ስላላችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ጋራዥ የሥራ ካርድ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። የአቶ ሳህሉ ብልሃት ነው፤ ደንበኛው እንዳያነበው። «ሰውየው ነዝናዛ ነው፣ ሻይ እየሰጣችሁ አረሳሱት» የሚል ካርድ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ሰውየው ራሱ ፊደሉን እያየ «እንዴት የሚያምር ጽሑፍ ነው!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሞኝ አልኩት በልቤ። እኔ ግን ከሰውየው በምን እሻል ነበር? እኔም ማንበብ አልችልም ነበር።

አዎ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መነጽሬን ረሳሁ።

«ሔኖክ፣ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

«ጋሼ፣ ዛሬም አውቶቡስ ላይ ቀረብዎ?»

«ዛሬ ቤት ነው።»

አንድም ቀን መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ዓይኔ እስካሁን ከዚህ ሆኖ ከጋራዣችን በላይ ያለው የባቡር ድልድይ ላይ ያሉትን እርግቦች ይቆጥራል። ሔኖክ፣ ለአውቶቡስ ኩባንያው ደውለህ ጠይቅልኝ ያልኩህን ያንን መነጽር ከዛሬ ጀምሮ መፈለግ ማቆም ትችላለህ።

ማህሌት ግን ስለ መነጽር አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ካርዱን ታመጣና ለወሬ ያህል አስመስላ «ጋሼ፣ ይሄ እንግዲህ የኋላው ፍሬን ነው አይደል?» ትለኛለች። እኔም ካርዱን ዘቅዝቄ ይዤ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» እላለሁ። ዘቅዝቄ! እሷ ቀስ ብላ ታቃናልኝና ትሄዳለች።

ባለፈው ዓመት ግን ቆረጥኩ። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፊደል የሚያስተምሩበት ክፍል ገባሁ። ከእኔ ሌላ ያሉት ተማሪዎች እዚሁ የተወለዱ የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እሺ፣ ሁለተኛ። አንደኛ የወጣችው ኪዲ የምትባል ናት፤ እሷንም እናቷ ታስጠናታለች። እኔን ማን አስጠናኝ? ደብተሬን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ይዤ፣ ሰው ሲመጣ እንደ ሲጋራ እየደበቅኩ ነው የተማርኩት።

ያ ካርድ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ባለፈው መስከረም።

ቤንጃሚንን ታስታውሱታላችሁ፤ የስቶክዌሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወተው። ከተገዛ ሁለት ሳምንት ያልሞላው የስፖርት መኪና አመጣ። ማርሚታው፣ ያ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው፣ በሚጮኽ እንዲቀየርለት፣ ሞተሩም በኮምፒውተር ተስተካክሎ ጉልበት እንዲጨመርለት አዘዘ። በማግስቱ ባለቤቱ ራኬብ ደወለች። እርጉዝ ናት። «ልጄ ሲወለድ ከመኪናው ጋር ተራ ይዞ ሊያለቅስ ነው? ኮምፒውተሩን እሺ፣ ማርሚታውን ግን እንዳትነኩት» አለች። ማህሌትም ካርዱ ላይ ጻፈች፤

«ኮምፒውተሩ ይስተካከል። ማርሚታው ይቅር።»

ግልጽ ነው። የማርሚታው ሥራ ቀርቷል፣ ተዉት ማለት ነው። ካርዱን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳን...»

«ተይው፣ እኔ ራሴ አነበዋለሁ።»

«አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው፣ ትናንት ሚስቱ...»

«ማህሌት፣ ስልክ እየጠራ ነው።»

ስልክ አልጠራም ነበር።

አነበብኩት። ማ፣ ር፣ ሚ፣ ታ፣ ው፣ ይ፣ ቅ፣ ር። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ቢሰሙኝ ደብተሬ ላይ ኮከብ ይለጥፉልኝ ነበር። ማርሚታው ይቅር! ያለ ማርሚታ ይሁን! ደፋር ደንበኛ ነው አልኩ። ፈታሁት፤ አውጥቼ ጥግ ጣልኩት፤ በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦ ገጠምኩ። አገጣጠሜን ጋሽ ገብረመድኅን ሳይቀሩ አደነቁት። ያን ቀን እንደኔ ደስ ያለው ሰው ለንደን ውስጥ አልነበረም፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዝኩትን አንብቤ ሠራሁ።

ቅዳሜ ልንዘጋ ስንል ቤንጃሚን መጣ። መኪናውን ሲያስነሳ ከላያችን ባቡር እያለፈ ስለነበር ሁላችንም ባቡሩ መሰለን። ባቡሩ አለፈ። ድምፁ ግን አላለፈም። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ቤንጃሚን ነው፣ ከመኪናው ውስጥ።

«ጋሼ፣ ማርሚታዬ የት ሄደ?»

«ምን?»

«ማርሚታዬ!»

«አይሰማኝም፣ መኪናውን አጥፋው!»

«ካጠፋሁት መልሼ ማስነሳት እፈራለሁ!»

እሑድ ጠዋት ኪቦርዱን በምን ይውሰደው? በዚያው ጭኖ ሄደ። ፓስተሩ ስለ መጨረሻው መለከት እየሰበኩ ነበር አሉ። «መለከት ይነፋል!» ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ቤንጃሚን በአዳራሹ ጥግ ዞረ። ግማሹ ጉባኤ ተንበረከከ። አንዲት እናት ቦርሳቸውን አንስተው «ጌታዬ፣ ዝግጁ ነኝ» ብለው ቆሙ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሰው የነካ ማርሚታ አልሠራሁም፤ ይሄኛውም የነካው ባለመኖሩ ነው።

ሰኞ አቶ ሳህሉ ካርዱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው መጡ። ሁላችሁም ነበራችሁ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች ማህሌት።

«ይቅር ማለት ምን ማለት ነው? ሥራው ይቅር ነው ወይስ ዕቃው ይቅር? አንድ ቃል አጥርቶ ያልጻፈ ሰው የሰው ሞተር ውስጥ ገብቶ ቁጥር ሊቀይር ነው?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድይራድ፣ በአፏ አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም» አልኩ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ማህሌት አየችኝ። ፊቴን ብቻ አይደለም፤ ደብተሩ ያለበትን ኪሴን አየች። አወቀች። አንድ ቃል ብትናገር እኔ በሁላችሁም ፊት የማያነብ ሰው እሆን ነበር። እሷ ግን ወደ አቶ ሳህሉ ዞራ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጥርቼ መጻፍ ነበረብኝ» አለች። በዚያው ቀን ኮምፒውተሩን ተነጠቀች። ይኸው ስምንት ወር።

እኔ ጀግናው፣ ስሜ ራሱ ወንድን የሚያንቀጠቅጥ፣ ሃያ አንድ ዓመት የደበቅኩትን ነገር እንደ ልጄ የማያት የአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጭኜ ሳንድዊቼን በላሁ። ለመናገር ስንት ቃል ይፈጅ ነበር? «ልትነግረኝ ነበር፤ ከለከልኳት።» ሦስት ቃል። ቆጥሬዋለሁ፤ አሁን መጻፍም መቁጠርም እችላለሁ።

በማግስቱ ግን ሻይ አፍልቼ ስልኩ ጋ ሄድኩና ነገርኳት። «ማህሌት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ፣ ዋናው ነገር ማንበብዎ ነው፤ እኔ ምንም አልሆንም» አለችኝ። እፎይ አልኩ። እሷ ካወቀች ለአቶ ሳህሉ መንገሩ ምን ያስቸኩላል ብዬ ስምንት ወር አረፍኩ። ጥሩ እረፍት ነበር፤ ክብደት ጨመርኩ።

እንግዲህ አቶ ሳህሉ፣ በሰው ፊት ነው የምነግርዎት። ካርዱ ትክክል ነበር። ቀሽሙ አንባቢው ነው። በቤንጃሚን መኪና ላይ ያን ቀን ሁለት ሥራ ተሠራ። የእኔን ሥራ ይቅርታ ጠይቀን አፍርሰን፣ የድሮውን ማርሚታ ከጥግ አንስተን መለስንለት። ሞተሩን ያስተካከለችው ማህሌት ናት፤ እሱን ማንም አልነካውም፣ ቤንጃሚንም እስከ ዛሬ አንዲት ቅሬታ አላመጣም። ታዲያ ከኮምፒውተሩ መነሳት የነበረበት ማን ነው? ሐሙስ ለሚመጣው ሰው ዛሬውኑ «አትምጣ» ብለው ይደውሉለት። መጻፍ ከመረጡም እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ ሁለት ትርጉም በሌለው አማርኛ።

አሁን ልመርቃችሁ። ጋሽ ገብረመድኅን፣ ዓይንዎን ከብየዳ ብልጭታ፣ እንቅልፍዎን ከአውቶቡስ ደወል ይጠብቅልዎ። ሔኖክ፣ የምታሾፍበት ሽማግሌ አያሳጣህ፤ አንድ ቀን አንተም ሽማግሌ ሁን፣ የሚያሾፍብህም አይጥፋ። አቶ ሳህሉ፣ ዝምተኛ መኪና ገዝተው ጩኸት የሚመኙ ደንበኞች አይንጠፉብዎ። ለሁላችሁም ጤና፣ ሥራ፣ የሚታመን ወዳጅ ይስጣችሁ። የተናገራችሁትን የሚያዳምጥ ሰው አትጡ። አሜን በሉ።

ልቀመጥ ነበር። ግን ፊታችሁን አነበብኩት፤ የመለከቷን ነገር ጨምሮባታል እያላችሁ ነው። አልጨመርኩም፤ ራኬብ ይቻትላችሁ፣ ጠይቋት። የጨመርኩት ሌላ ነው።

ሻይ ይዤ ስልኩ ጋ ሄድኩ አላልኩም? ሻዩን አፍልቼ ነበር። በሩ ጋ ደረስኩ። ለደንበኛ ስትናገር ድምፅዋን ሰማሁ፤ ተመለስኩ፤ ሻዩን ራሴ ጠጣሁት። ሳቋንም፣ «እኔ ምንም አልሆንም» ያለችውንም የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልነገርኳትም።

ማህሌት፣ አንቺም የምትሰሚው እንደ ሌላው ሰው ገና አሁን ነው። ምን እንደምትይ ስላላወቅኩ፣ ከዚህ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።