ስሙን የሚጠራ
በስደት በምኖርበት በግሮቭ ሲቲ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ሶፋል የምትባል የካምቦዲያ ሴት አብራኝ ትሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሙታን በዓላችን ነው ብላ ቤቷ ኢንቫይት አደረገችኝ። የቡድሃ መነኩሴያቸው ሲጸልዩ እንግዶቹ ተራ በተራ ሩዝ እያቀረቡ የሞቱባቸውን ዘመዶች በስም ይጠራሉ። ሶፋል በአገሯ ጭፍጨፋ ተገድለው ሳይቀበሩ የቀሩትን የባሏንና የልጆቿን ስም ጠርታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረችና፣ "አንተስ ሳይቀበር የቀረ ሰው አለህ?" አለችኝ።

ወንድሜን በቀይ ሽብር ገድለው ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። እናቴም እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። "አለኝ፣ ግን እኮ እኔ ክርስቲያን ነኝ" አልኳት።

"ታዲያ አንተ ካልጠራኸው ማን ይጥራው?" ብላ የሩዙን ሳህን ሰጠችኝ።

ተቀበልኳትና ጮክ ብዬ "ዳዊት!" አልኩ። ከተገደለ ወዲህ ስሙ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ቤቱን የሞላው፣ ዳዊትን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ለወንድሜ አንገቱን ደፋ።