የተጎታቹ መኪና መሪ

የምስክር ቃል
መጠሪያ፦ «ቀጮ» (በሥራ ቦታው የሚታወቅበት)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የከባድ መኪና መካኒክ
አድራሻ፦ ከአሮጌው የእንጨት መጋዘን ጀርባ፣ ባለ ሰማያዊ በር ጋራዥ
ከሟች ጋር ያለው ዝምድና፦ ታናሽ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡10፣ ሆስፒታል፣ የአጥንት ክፍል፣ አልጋ ቁጥር 6
ቃል ተቀባይ፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሳጅን

ማክሰኞ ከቀኑ 9፡40 ገደማ ሁለቱን የጦር ካሚዮኖች ከመንገድ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ወንድሜ የሞተው በዚያ የተነሳ ይሁን ወይስ ከዚያ በፊት ግን አላውቅም። መርማሪዋ ነገሩን ከሥሩ ጀምረህ አስረዳ ስላሉኝ ከሥሩ እጀምራለሁ።

ሟች የ52 ዓመት ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋራዡን የከፈተው፣ ቁልፍ አያያዝም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይለዋል፣ እኔም ጭምር። ጦሩ የማይፈልጋቸውን ካሚዮኖች በጨረታ ሲሸጥ ሁለት አሸነፈ። አሥራ አንድ ዓመት ሜዳ ላይ የቆሙ፣ በጎማቸው መሃል ሣር የበቀለባቸው ናቸው። ጋሼ ግን ገና ሳይነሱ የሚቀቡትን ቀለም መርጦላቸው ነበር። የቀለም ምርጫው ደግሞ አያድርስ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጦሩ ግምጃ ቤት ሄድን። አንደኛው ካሚዮን ከሰዓት በኋላ እያስነጠሰ ተነሳ። የሁለተኛው የነዳጅ ፓምፕ ቀድሞ ተፈትቶ ስለተወሰደ መጎተት ግድ ሆነ። እስከ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ካላነሳናቸው ጨረታው እንደሚሰረዝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አስጠነቀቁን፤ አንድ ቀን እንዲጨምሩልን ብንለምንም አልሆነም።

ተጨማሪውን ቀን የፈለግነው ለፍሬኑ ነበር። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን የሚሠራው በአየር ሲሆን አየሩን የሚያመነጨው ሞተሩ ነው። አየር ሲጠፋ ጎማው ይቆለፋል። የተጎታቹ ጎማ እንዲዞር መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ። አየር ከፊተኛው በቱቦ ማምጣት ይቻል ነበር፤ የቱቦዎቹ አፍ ግን አልገጠመም፣ ማገናኛውም ያለው ከተማ ነው። እኔ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬው ነበር። ጋሼ የፊተኛው ፍሬን ለሁለቱም ይበቃል፣ ቀስ ብለን እንገባለን አለኝ። ስህተት መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን። ከዚያ በላይ አልተከራከርኩትም፤ ጨረታው እንዳይሰረዝ እኔም ፈርቼ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ደረቱን እያሻሸ ጨጓራዬ ተነሳብኝ አለ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ይላል፤ ወተት ይጠጣል፣ ይተወዋል። ያን ዕለትም ጠጣ። እኔ ካሚዮኑን ትተን ያንተን ጨጓራ አውርደን ብንፈታው ይሻላል ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ። ሐኪም ይይህ አላልኩትም። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፣ ቢሆንም ይጻፍልኝ።

ሁለቱን በወፍራም የብረት ዘንግ አያይዘን ከቀኑ 5፡30 ወጣን። ጋሼ ከፊት ይነዳል፣ እኔ ከኋላ በተጎታቹ ጋቢና ውስጥ ነኝ። የነበረኝ መሪ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ሞተር በሁለት እጅ ካልሆነ አይዞርም። ፍሬን የለኝም። ጡሩምባውም በአየር ስለሚሠራ የለኝም። ስልክ ብደውል በሞተሩ ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ ችግር ከገጠመኝ ነጭ ጨርቅ በመስኮት እንዳወጣ ተስማማን። እሱ በበኩሉ የግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ በየጊዜው በሩን በመዳፉ ይመታ ነበር። ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገዱ ሜዳ ነበር። ወደ ወንዙ የሚወስደው ቁልቁለት ሲጀምር ጋሼ ማርሽ መቀነስ ነበረበት፤ አልቀነሰም። እጁ በመስኮት ተንጠልጥሎ ቀረ። ጨርቁን አውጥቼ አውለበለብኩ። ጮህኩ። በስፖኪዮው ውስጥ ፊቱ ይታየኝ ነበር። ራሱ ወደ በሩ ዘመም ብሏል፣ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። ይየኝ አይየኝ መለየት አልቻልኩም። ፍጥነታችን እየጨመረ ሄደ።

መንገዱ እስከ ድልድዩ ቀጥ ያለ ነው። ድልድዩ እየተጠገነ ስለነበር ከታች መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ተሳፋሪዎችም ወርደው አስፋልቱ ላይ ቆመዋል። ከእኛ እስከ እነሱ አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል ነው። ዘንጉ ከጋሼ መኪና ጅራት ጋር ስለሚያገናኘኝ እኔ ወደ ቀኝ ከዞርኩ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይጎተታል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ መሪዬን ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ገደሉ አዞርኩት። የጋሼ መኪና ተሻግሮ ተራራውን መታ።

የሹፌሩ በር በግራ፣ በተራራው በኩል እንደነበር አስበህ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አስቤአለሁ። ከማዞሬ በፊት ነው ያሰብኩት። ለምን አልዘለልክም ለሚለውም፣ መዝለል በሐሳቤ አልመጣም።

የእኔ መኪና ግማሽ ጎኑ ገደሉ ላይ ቀርቶ ቆመ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አወጣኝ። ጋሼን ከጋቢናው ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ስፈታ የኖርኩ ሰው፣ የቀኝ ትከሻዬ አጥንት ስለተሰበረ መንገድ ዳር ተቀምጬ ሥራውን የማያውቁ ሰዎች በሩን በተሳሳተ በኩል ሲጎትቱ አይ ነበር። በማጠፊያው በኩል ነው እያልኩ ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም።

ሐኪሙ ልቡ አስቀድሞ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ደረቱ ክፉኛ ስለተጎዳ ከእንግዲህ መለየት አይቻልም ብለውኛል።

ትናንት ከሰዓት የጋሼ ባለቤት መጣች። እኔ እትዬ ነው የምላት። አላለቀሰችም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ተሰቃየ?» አለችኝ።

«የለም እትዬ። መኪናው ተራራውን ሳይነካ በፊት አርፎ ነበር። አይቻለሁ» አልኳት።

እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ግንባሬን ስማኝም፣ «አንተ ባትኖር ብቻውን ነበር የሚሄደው» አለችኝ።

ይህ ቃሌ ለእሷ እንዳይደርስ መርማሪዋን ለምኜ ነበር። የሟች ቤተሰብ መዝገቡን የማየት መብት እንዳለው፣ እትዬም ዛሬ ጠዋት ማመልከቻ እንዳስገባች ገለጹልኝ። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ከላይ የሰፈረው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት ነው፣ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰም፤ እውነት ስለሆነም ፈርሜበታለሁ። ለእትዬ የነገርኳትን ግን እውነት ነው ብዬ መፈረም አልቻልኩም።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ቀኝ እጁ በጀሶ በመታሰሩ የግራ አውራ ጣት አሻራ)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ____________