የሴት እጅ የሸመነው ጋቢ

ኧረ ስሙኝማ፣ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ባለቤቴን ሰይድን ስኳር በሽታ አንድ እግሩን ካስቆረጠው ወዲህ፣ እዚሁ መርሳ ቤታችን ውስጥ ራሱ በእንጨት የሠራው የሸማ መሥሪያ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። መርገጫው በሁለት እግር ካልተረገጠ አይሠራማ! ድሮ እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል፤ አሁን እሱ ድሩን ያስተካክልልኛል፣ እኔ መርገጫው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ እሸምናለሁ።

ባለፈው አንዲት ሴት በእናቷ ፈትል ያሠራችውን ጋቢ ልትወስድ ከወልድያ መጣች። ሰይድ ጉልበቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን አምጥቼ ስሰጣት ዘረጋችና ጉንጯን አሳረፈችበት። «ማሻአላህ! ጋሽ ሰይድ፣ እጅዎ ይባረክ!» አለችው። እሱ ደግሞ ውሸት አይወድም፤ «እሷን መርቂያት፣ የሠራችው እሷ ናት» ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

ወላሂ፣ ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ያንኑ ጋቢ ገልብጣ ወደ ብርሃን ያዘችና «ለዚህ ነዋ ላላ ያለብኝ! ሴት ትፈትላለች እንጂ ትሸምናለች እንዴ?» ብላ እርፍ! አሁን ጉንጯን ያሳረፈችበትን! ፈትሉ የእናቷ ባይሆን ከእጇ እነጥቃት ነበር። ይባስ ብላ ከቦርሳዋ ሌላ ፈትል አወጣችና እኔን ዘላ ለሰይድ ዘረጋችለት። «ይኼኛውን አደራ፣ ራስዎ ይሥሩልኝ።»

ብድግ አልኩና ነጠላውን ከጉልበቱ ላይ ገፈፍኩት።

«እሺ እህቴ፣ እግሩ ሲበቅል ይሠራልሻል!»