የስልሳ ሰው የይለፍ ቃል

አርሜ የጨረስኩትን ጽሑፍ ላስረክብ ወደ ማተሚያ ቤቱ ጎራ ያልኩት ለአምስት ደቂቃ ነበር፤ ግማሽ ቀን ዋልኩበት። በሩን ስከፍት ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ቀለም» የሚላቸው ባለቤት ከእህታቸው ልጅ ጋር ተፋጠዋል። ልጅቷ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች፣ የቢሮውን መሣሪያዎች የምትጠብቅ ናት። በዋናው ኮምፒውተርና በአጎቷ መካከል ቆማ ኪቦርዱን በእጆቿ ከልላዋለች።

«ጥሩ ጊዜ መጡ፤ ይፍረዱን» አሉኝ ጋሽ ቀለም። «የሃያ ዓመት ደንበኛዬ የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጂ በኢሜይል ልኮልኛል። ይህቺ ልጅ አልከፍትም ትላለች።»

«አልከፍትም ብቻ አይደለም አጎቴ፣ አላስከፍትምም» አለች።

ጋሽ ቀለም በአርባ ዓመት ውስጥ አንዲት ገጽ ከእጃቸው ያላሾለኩ ሰው ናቸው። ስለዚህም ደንበኞቻቸው ፋይል መላክ ሲሰለቻቸው «ራስዎ ገብተው ያውጡት» እያሉ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል ይሰጧቸዋል። የስልሳ ሰው የይለፍ ቃል ዋናው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ይህን እንደ ኒሻን ያዩታል። እኔ ሞኝነት ነው ባይ ነኝ፤ ነገር ግን የእኔም ከስልሳው አንዱ ስለነበር አፌን ያዝኩ።

«የማውቀውን ሰው ፋይል መጠርጠር ሰውየውን ሌባ ማለት አይደለም?» አሉ።

«የላከው እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ስሙ ተጽፎበታል!»

«ስም ማንም ይጽፋል። ይዩት፣ ጽሑፍ ይመስላል እንጂ ፕሮግራም ነው።»

«ባባርርሽስ?»

«ያባርሩኝ! ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ነቅዬ ነው የምወጣው።»

ሁለቱም ልበ ደረቅ ናቸው፤ ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው እውነት ነው። ኋላ ላይ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ እከፍተዋለሁ። ግን በራሴ ላፕቶፕ፣ ሳንድቦክስ ውስጥ» አለች።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ውስጥ የታጠረ ሌላ ኮምፒውተር ነው። እውነተኛ ሰነድ የለበትም። ፕሮግራሙ ወደ ውጭ ልላክ ቢል የሚቀበለው እኔ ያዘጋጀሁት የውሸት መስመር ነው። የሚያደርገው ሁሉ ይመዘገባል፤ ሲያበቃ ሁሉንም እደመስሰዋለሁ። አሁን አንድ የውሸት የይለፍ ቃል ይምረጡልኝና እንደ ማጥመጃ ላስቀምጠው።»

«‹ሞኝና ወረቀት› በይ» አሉ ጋሽ ቀለም፤ የያዘችውን አትለቅም ለማለት ነው።

ፋይሉ ተከፈተ። ርእስ ያለበት አንድ ገጽ ታየ፤ ሌላ ምንም የለም። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ።

«ይኸው! የሰው ስም አጠፋሽ!» ብለው ወደ ዋናው ኮምፒውተር ተነሡ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ለእሳቸው ልፈርድ ነበር።

«ቆዩ!» አለች። «እንዲህ ያለው ፕሮግራም እየተመረመረ መሆኑን ከጠረጠረ የተኛ ይመስላል። ሰው ያለበት ቤት እናስመስልለት።» ማውዙን ወዲያ ወዲህ አለች፤ ሁለት ሦስት የቆዩ ደብዳቤዎች ከፈተች፤ ብዙ ጊዜ ያለፈ እንዲመስለው የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደፊት አስኬደችው።

ወዲያው መዝገቡ ላይ መስመሮች ይወርዱ ጀመር። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች አነበበችልን።

«ራሱን ሌላ ቦታ ገለበጠ። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ አደረገ። ይኸው ብሮውዘሩ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥበትን ፋይል ከፈተ። ሌላ ሰነድ አልነካም አጎቴ፤ የመጣው ለዚህ ነው። ጠቀለለው። አሁን ወደማናውቀው አድራሻ ሊልክ ነው።»

የተጠቀለለውን ፈትታ አሳየችን። መሐሉ ላይ «ሞኝና ወረቀት» ይላል።

ጋሽ ቀለም ስልክ አንሥተው ደንበኛውን ጠየቁ። ሰውየው ምንም እንዳልላከ፣ ይልቁንም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ኢሜይሉ አላስገባ እንዳለው ነገራቸው።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አልኩ።

«እሱማ አልጣላቸውም» አለች ልጅቷ ቆጣ ብላ። «እሱም ተሰርቋል። ሌባው የመጣው በእሱ ስም ነው። የሚመረመረው ፋይሉ እንጂ ወዳጅነቱ አይደለም።»

ጋሽ ቀለምን የመለሳቸው ይህ ቃል ይመስለኛል። ፊታቸው ቀላ። «አርባ ዓመት አንድ ገጽ ያላሾለክሁ ሰውዬ፣ ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ ላስዘርፍ ነበር! ይምጣ ሌባው፣ ባዶ ቤት ነው የሚያገኘው!» ብለው የደንበኞቻቸውን ዝርዝር አወጡና በተራ ይደውሉ ጀመር።

አንዱ ደንበኛ ተቀይሞ «ጠሉኝ እንዴ ጋሼ?» ሲል እኛም ሰማነው።

«ስለማከብርህ ነው! የይለፍ ቃልህን ዛሬውኑ ቀይር፤ ለእኔም እንዳትነግረኝ! ካሁን ወዲያ የምትልከው ሁሉ ተመርምሮ ይከፈታል። ካልተስማማህ ሌላ ማተሚያ ቤት አለልህ!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በዚያ ግማሽ ቀን ሌባው ምን እንደሚፈልግና ወዴት እንደሚልከው አወቅን፤ ልጅቷም ያን አድራሻ በቢሮው መስመር ላይ ዘጋችው። ስልሳ ሰው ሳይዘረፍ ተጠነቀቀ። እኔም የራሴን እዚያው ቁጭ ብዬ ቀየርኩ።

ልወጣ ስል ልጅቷ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ቀርባ «አጎቴ፣ አዲሱን የይለፍ ቃልዎን ይንገሩኝና ላስተካክለው» አለች።

ጋሽ ቀለም ኪቦርዱን በሁለት እጃቸው ከለሉ።

«ለአንቺም አልነግርሽም!»