ሐኪሞቻቸውን የደበቁት ሰዓት ሠሪ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዓት ቢቆምም ባይቆምም ግድ የለኝም። ዕድሜዬን በሙሉ በደወል ስገባ በደወል ስወጣ የኖርኩ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ነኝና አሁን ደወል የሚባል ነገር ባልሰማ ደስታዬ ነው። ይሁን እንጂ ከአባቴ የወረስኩት የእጅ ሰዓት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆምብኝ ሆድ ባሰኝ። ካፊያም እየጣለ ነበርና ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ወዳለች ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ዘው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከማሠራቱ ይልቅ መጠለሉን ነበር የፈለግሁት።

ስገባ ሌላ ዓለም የገባሁ መሰለኝ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሰዓት ነው። አንዱ አራት ይላል፣ አንዱ አሥር ተኩል፣ አንዱ ደግሞ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ሁሉም በየራሱ ቀጭ ቀጭ ሲል ድምፁ ከካፊያው ጋር ይደባለቅና ዐይን ይከድናል። ሰዓት ሠሪው ራሳቸው ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ፣ ክንዳቸውን ተንተርሰው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነጭ ገዋን የለበሰች ወጣት ከጎናቸው ቆማ ታያቸዋለች።

«አይቀስቅሷቸው፤ አሁን ይነቃሉ» አለችኝ በሹክሹክታ። የእህታቸው ልጅ መሆኗን፣ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት እንደምትሠራ፣ አጎቷም ለሁሉ ነገር «ቆይ» ስለሚሉ የሰፈሩ ሰው «አባ ቆይ» እንደሚላቸው የነገረችኝ በዚያው ሹክሹክታ ነው። «ድሮ ግን ቀን አይተኙም ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አባቴ ከግድግዳው ሰዓቶች የአንዱን ትንሽ በር ከፍቶ ብቅ ያለና «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ያለኝ መሰለኝ። የትኛውን አይቼ እንደምነግረው ጨነቀኝ።

«ቆይ፣ ቆይ!» የሚል ድምፅ አባነነኝ። ሰዓት ሠሪው ነቅተዋል።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ እንቅልፍ ይጥለኛል። ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ።

«ዕድሜ አይደለም አጎቴ» አለች ልጅቷ።

«በእንግዳ ፊት ደግሞ አትጀምሪኝ!»

«እንግዳውም ይስሙ እንጂ። እኔን እንደሆነ አልሰሙኝም። በሞቴ ጌታዬ፣ ይፍረዱን።»

ዳኛ ሆኜ አላውቅም፤ የተማሪ ጠብ ግን ስንቱን አስታርቄአለሁ። «እሺ፣ ተናገሪ» አልኳት።

«አጎቴ ሁለት በሽታ አለባቸው» ብላ ጀመረች። «አንዱ የጣታቸውን መገጣጠሚያ ያሳብጣል። ሌላው አንገታቸው ላይ ያለችውን ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ያደክማል። ሁለቱም ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከበሽታ እንዲጠብቀን የተሰጠን የሰውነታችን ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ሰው ሲደበድብ የሚመጡ ናቸው።»

«ዘበኛዬ ሰክሮብኛል ማለት እኮ ነው!» አሉ አባ ቆይ ከት ብለው እየሳቁ። «ለዚህ አይደል ሁለት ሐኪም ያለኝ?»

«ሁለቱ ሐኪሞች ግን እርስዎ ዘንድ መገናኘታቸውን አያውቁም። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ተብለው ሲጠየቁ ምን አሉ?»

«የለም አልኩ።»

«ለሁለቱም?»

«ለሁለቱም።»

«ኧረ ለምን?» አልኩ ዳኝነቴን ረስቼ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የእጅ ሙያ ስለማያውቁ ነው» አሉኝ በትሕትና። «በእኛ ሙያ ደንበኛ ሰዓቱን ይዞ መጥቶ "ይህን ከእርስዎ በፊት እገሌም ከፍቶት ነበር" ቢል ነውር ነው። በፊትህ ሌላውን አመሰገንኩ እንደ ማለት ይቆጠራል። ስለዚህ ደንበኛ ሁሉ "ከእርስዎ በቀር ማንም አልነካውም" ይላል። እኔም ለሐኪሞቼ ያንኑ አክብሮት ሰጠሁ። ሰው ያከበረ ምን አጠፋ?»

«ይኸው አክብሮትዎ ነው የሚጥልዎት!» አለች ልጅቷ። «እስቲ ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉትን ይንገሯቸው።»

ሰዓት ሠሪው ብሎን የሚያስቀምጡባትን ትንሽ ሳህን በኩራት አነሡ። «ክኒኖቼን ሁሉ እዚህች ላይ እደረድርና በአንድ ብርጭቆ ወተት ባንዴ እገላገላቸዋለሁ። ሥራ ማቅለል ነው።»

«የታይሮይዷ ክኒን እኮ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው የምትወሰደው! የጣትዎ ሐኪም ለአጥንት ያዘዙልዎት ካልሲየም፣ ወተቱም ራሱ፣ ሆድዎ ውስጥ ይዟት ወደ ደም እንዳትገባ ያደርጋታል። ደምዎ ሲመረመር መድኃኒቱ አነሰ ይላል፤ የታይሮይዱ ሐኪምም ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል። ስለ ካልሲየሙ ማን ነገረው? ይህ እንቅልፍ፣ ይህ ብርድ ብርድ ማለት ከዚያ የመጣ ነው።»

«ቆይ» አሉ አባ ቆይ፤ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንዲህ ከሆነማ መድኃኒት ማብዛት ጥሩ አይደለም። ያቺን ነጯን ማቆሜ ደግ አደረግሁ።»

ልጅቷ ወደ ሳህኗ ጎንበስ አለች። «ምኗን አቆሙ?»

«ለጣቴ የተሰጠችኝን፣ ዓመት ሙሉ የዋጥኳትን። ፊቴን አሳበጠችው፤ ጣቴም ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። የተሠራ ሰዓት ደግሞ አይነካካም። አራት ቀን ሆነኝ።»

«አጎቴ! እሷ እኮ ኮርቲዞን ናት! ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ዓመት ሙሉ ከውጭ ሲገባለት የራሱን መሥራት ይተዋል። ድንገት ሲቋረጥበት ከየት ያምጣ? መጀመሪያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ራስን መሳት ነው፤ ሰው ይሞትበታል። የምትቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ትላንት ደረጃው ላይ ግድግዳውን የያዙት ለዚህ ነዋ!»

«ደረጃው ረጥቦ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው፤ ነገር ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ? በወሩ መጨረሻ የሱቁን ቁልፍ ላስረክብ ነው። ጣቱ የማይታጠፍ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያንኮራፋ ሰዓት ሠሪ ለማን ይጠቅማል?» አሉ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰውዬው ያቆሙት ክኒን ብቻ አልነበረም፤ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ልጅቷ እንባዋን በገዋኗ እጅጌ ጠረገች። እዚህ ላይ ከአስተማሪነት የቀሰምኩትን ልንገራችሁ፦ የወጣት ክርክር የቱን ያህል እውነት ቢሆን አንዳንድ ሽማግሌ ጆሮ አይገባም። ሽማግሌ የሚረታው በገዛ ሙያው ነው። እኔ ግን ያን አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እንባዋን ማየት ቢከብደኝ ሰዓቴን ፈትቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ እንጂ።

«እስቲ ይህን ይዩልኝ። የአባቴ ነው። ማንም አልነካውም።»

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ» ብለው ፈገግ አሉ። ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ መክፈቻው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። ልጅቷ ልትረዳቸው እጇን ስትዘረጋ «ቆይ» አሏትና ራሳቸው የኋላ ክዳኑን አነሡ፤ ማጉያቸውን ዐይናቸው ላይ አወረዱ።

«ይኸው! ማንም አልነካውም ይሉኛል፤ ሦስት ጊዜ ተከፍቷል» አሉ፤ ድምፃቸው ድንገት ወጣት ሆነ። «እኛ ሰዓት በከፈትን ቁጥር ቀኑንና የሠራነውን ከክዳኑ ውስጥ በመርፌ እንጭራለን፤ የሚቀጥለው ሠሪ እንዲያይ። ይህኛው ዘይት ቀይሯል። ያኛው ጥርስ ለውጧል። ይህ ደግሞ...»

ክዳኑን ወደ መብራቱ አስጠጉ።

«ምነው?» አልኩ።

«ይህ የእኔ እጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል።» ማጉያውን አቀበሉኝ። ፊደሉ ከጉንዳን እግር የቀጠነ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ነበር። «ይህን የጻፈ እጅ የት ሄደ?» አሉና አለቀሱ። እኛም እንዲያለቅሱ ተውናቸው፤ አንዱ ሰዓት ሦስት፣ ሌላው ዘጠኝ መታ።

ቆየት ብዬ «እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጉድ ይፈላ ነበራ! በዘይት ላይ ዘይት እጨምርበት ነበር። ዘይት የበዛበት ሰዓት ቆሻሻ ይሰበስብና ይቆማል። ደንበኛው ቢዋሸኝም ምልክቱ ስለማይዋሸኝ ነው የምሠራው።»

ልጅቷ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። «አጎቴ፣ እርስዎ ላይ ግን ማንም ምልክት አልጫረም። ሁለቱም ሐኪሞች ማንም ያልነካውን ሰው የሚያክሙ ይመስላቸዋል። አንዱም ዘይት ይጨምራል።»

አባ ቆይ «ቆይ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ አላሉም። ክዳኑን አገላበጡት። «ስንቱን ደንበኛ በዚህ ውሸት ስስቅበት ኖሬ፣ ለካስ ዋናው ውሸታም እኔ ነኝ!» አሉ በመጨረሻ። «ጻፊ ልጄ።»

በየሰዓቱ አንገት ላይ ከሚታሰሩት የጥገና ካርዶች አንዱን ስባ ጻፈች። የእያንዳንዱን ክኒን ስም፣ ያዘዘውን ሐኪም፣ መቼና ከምን ጋር እንደሚወሰድ፣ የቆመውንም ከነቀኑ። ካርዱን ይዘን በዚያው ካፊያ፣ እኔ የልጅቷን ጥላ ይዤ፣ ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ፣ በቀጥታ ወደ ጣታቸው ሐኪም ሄድን። መንገዱ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ስለነበር ከቅድሙ እንቅልፌ የነቃሁ አልመሰለኝም።

«ዶክተር» አሉ ሰዓት ሠሪው ገና ሳይቀመጡ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ከእርስዎ ሌላም የሚከፍተኝ ሐኪም አለ። የሁለታችሁም ምልክት እዚህ ላይ ነው።»

ሐኪሟ አልተቀየሙም። ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡና የደም ግፊታቸውን ለኩ፤ ዝቅ ብሎ ሲያገኙት መድኃኒቱን እዚያው አስጀመሯቸው። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ በአልጋ ነበር የሚመጡልኝ» አሉ። ከዚያ ስልክ አንሥተው ለታይሮይዱ ሐኪም ደወሉ። አንድን ሰው ለሁለት ዓመት ያከሙት ሁለት ሐኪሞች ያን ቀን ተዋወቁ።

አንባቢዬ፣ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ በሽታ ይዞህ ወይም ዘመድህን ይዞት እንደሆነ ከዚህ ወዲያ የሆነውን ልብ በል። የታይሮይዷ ክኒን ጠዋት ሲነቁ ብቻዋን በውኃ ሆነች፤ ካልሲየሙ ከምሳ ጋር ሄደ። ክኒኗ ያለ ጠላት መሥራት ስትጀምር ደግሞ ከመጠን እንዳትበዛ ደማቸው እንደገና ተመርምሮ መጠኗ ተቀነሰ። ነጯ ሐኪሟ በሚያዙት መጠን በየጥቂቱ ዝቅ እያለች ነው። ይህ ልክ የአባ ቆይ ነው፤ ያንተን የሚነግርህ ሐኪምህ ነው። ካርዱን ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ አዲስ መድኃኒት በተጨመረ ቁጥር ይታደሳል፣ በየሐኪሙ ፊትም ሳያፍሩ ይዘረጋል።

ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ትቼው የነበረውን ሰዓቴን ልወስድ ሄድኩ። የወሩ መጨረሻ ካለፈ ቆይቷል፤ ቁልፉ ግን አሁንም ከአባ ቆይ ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ከግድግዳው ሰዓቶች መካከል የእሳቸው ካርድ ተሰቅሏል። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመቱ ምልክት ሥር አዲስ ተጭሯል። ፊደሉ እንደ ድሮው አልቀጠነም፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

እዚያው እያለሁ አንዲት ሴትዮ የግድግዳ ሰዓት ታቅፋ ገባችና «ከእርስዎ በቀር ማንም አልነካውም» አለች።

«ቆይ እሜቴ» አሉ አባ ቆይ ማጉያቸውን እያወረዱ፣ «አይፍሩኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔንም የሚከፍቱኝ ሁለት ናቸው።»